«አባባ፣ እኛስ መርከብ ነበረን?»

የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ አንድ ሐሙስ ማታ ከትምህርት ቤት እንደመጣ፣ ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ «አባባ፣ ቀንድ ያለው የራስ ቁር ሥራልኝ» አለኝ። በማግስቱ ልጆች የሚወዱትን የታሪክ ሰው መስለው የሚለብሱበት ቀን ነው። የእሱ ምርጫ ቫይኪንግ ነበር፤ በታብሌት ያያቸው ካርቱኖች ልቡን ሰርቀውታል።

እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ሰሚት ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ወርጄ ከሱቅ ካርቶን ለመንኩ፤ ባለቤቴ ከማድ ቤት ፎይል ሰጠችን። ቀንዱን ስንለጥፍ ልጁ ድንገት ቀና ብሎ «ቫይኪንጎች መርከብ ነበራቸው። አባባ፣ እኛስ መርከብ ነበረን?» ሲል ጠየቀኝ። ብዙም ሳላስብ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ መርከብ አልነበረንም» አልኩት። «እሺ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልጁ ከተኛ በኋላ ነገሩ ከነከነኝና መጽሐፍ አገላበጥኩ። በአንድ ምሽት ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። ቀንዱም ስህተት ነው፣ መልሱም ስህተት ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የእኔ ቢጤ አያቶችና ወላጆች ያው ጥያቄ ሲመጣባቸው የተሻለ መልስ እንዲኖራቸው ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቫይኪንጎች እነማን ነበሩ?

ቫይኪንጎች ዛሬ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ከምንላቸው አገሮች የተነሱ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ ተዋጊ አልነበሩም፤ ገብስ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ገበሬዎች ነበሩ። አዝመራው ወቅት ሲፈቅድላቸው መርከብ ይሳፈራሉ፤ አንዳንዱ ለንግድ፣ አንዳንዱ ለዘረፋ፣ ብዙው ደግሞ እንዳጋጠመው ለሁለቱም።

ዘመናቸው ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከ793 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በሰሜን እንግሊዝ ሊንድስፋርን በምትባል ደሴት ላይ ያለውን ገዳም ድንገት ወረሩ፤ መነኮሳቱን ገደሉ፣ ንዋየ ቅድሳቱን ዘረፉ። በ845 የሴን ወንዝን ሽቅብ ቀዝፈው ፓሪስ ደረሱና ብር ተከፍሏቸው ተመለሱ። በ911 የፈረንሳይ ንጉሥ ከመሪዎቻቸው አንዱ ለነበረው ለሮሎ መሬት ሰጠው፤ ያ አገር ዛሬም ኖርማንዲ ይባላል፣ የሰሜን ሰዎች አገር ማለት ነው። ሌሎቹ ወደ ምዕራብ አቅንተው አይስላንድንና ግሪንላንድን ሰፈሩባቸው። በ1000 ዓ.ም. ገደማ ሌይፍ ኤሪክሰን ሰሜን አሜሪካን ረገጠ፤ ይኸውም ኮሎምበስ ከመድረሱ 500 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የሩሲያንና የዩክሬንን ወንዞች ተከትለው ቁስጥንጥንያ ድረስ ወረዱ፤ ከመካከላቸው የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩም ነበሩ። ዘመናቸው ያበቃው በ1066 እንደሆነ ይነገራል፤ የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ እንግሊዝን ለመያዝ ዘምቶ የሞተበት ዓመት ነው።

ለዚህ ሁሉ ያበቃቸው መርከባቸው ነው። ሳንቃው አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ በብረት ምስማር የተያያዘ፣ ሸራም መቅዘፊያም ያለው ሲሆን ለመንሳፈፍ አንድ ሜትር ጥልቀት እንኳ አይፈልግም። ስለዚህ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ ወንዝም ሽቅብ ይወጣል። ኖርዌይ ውስጥ ኦሴበርግ በሚባል ስፍራ በ1904 ተቆፍሮ የወጣ አንድ እጅግ ያማረ መርከብ አለ። በ834 ከነመርከቡ የተቀበሩት ሁለት ሴቶች ሲሆኑ አንደኛዋ በዕድሜ የገፉ አሮጊት ናቸው። አያቶች ይህችን ለልጅ ልጆቻችን መንገር አንርሳ።

ቀንዱስ? ከቫይኪንግ ዘመን ቀንድ ያለው የራስ ቁር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቀንዱን የተከለላቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነው፤ በተለይ በ1876 ጀርመን አገር ለታየው የቫግነር ኦፔራ የተሠራው ልብስ። ልጆቻችን የሚያዩት ካርቱን ያንን ልብስ ወርሷል። ከቫይኪንጎች የወረስነው እውነተኛ ነገር ግን በየኪሳችን አለ። በስልካችን ላይ ያለው «ብሉቱዝ» ስሙን ያገኘው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሠው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ብሉቱዝ ነው፤ ምልክቱም የስሙ ሁለት ፊደላት በቫይኪንጎች ጽሕፈት ተጣምረው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቫይኪንጎች በዘመናቸው ረጅም ታሪክ ጽፈው አላስቀመጡም፤ በድንጋይ ላይ አጫጭር ጽሑፍ ከመቅረጽ አልፈው አልሄዱም። የሊንድስፋርንን ወሬ ለዓለም ያደረሱት የተዘረፉት ወገኖች ናቸው። ስለዚህ ገበሬውና ነጋዴው ተረስቶ ዘራፊው ብቻ ቀረ። የእኛ መርከበኞች ዕጣ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በገዛ ልጆቻቸው ዘንድ ጭራሽ ተረስተዋል።

አዱሊስ፣ የስምንት ቀን መንገድ

ሊንድስፋርን ከመወረሯ 700 ዓመት በፊት፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ስሙን ያልነገረን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ለቀይ ባሕርና ለሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች የሚሆን የጉዞ መምሪያ አዘጋጀ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አዱሊስ የተባለ ወደብ ተጠቅሷል። ስፍራው ዛሬ በኤርትራ ግዛት ከምጽዋ በስተ ደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። ከወደቡ ተነስቶ ደጋውን ወጥቶ አክሱም ለመድረስ ስምንት ቀን ይፈጃል ይላል። የአካባቢው ገዥ ዞስካሌስ እንደሚባልና ግሪክኛ ማንበብና መጻፍ እንደሚያውቅም ይነግረናል።

ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልባስ ይጫን ነበር፤ ከውጭ ደግሞ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ብረት፣ ወይንና የወይራ ዘይት ይገባ ነበር። ለልጆች ስንነግር ደግ ደጉን ብቻ እንዳንመርጥ ላሳስብ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ከአዱሊስ ይላኩ ከነበሩት ውስጥ ባሮችንም ይቆጥራል። ቫይኪንጎችም ሰው ይሸጡ ነበር፤ ደብሊን ከታወቁት ገበያዎቻቸው አንዷ ነበረች። በሁለቱም ባሕሮች ላይ ይህ ነውር ነበረ።

አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የራሷን ገንዘብ መምታት ጀመረች። የወርቁ ሳንቲም የንጉሡን ምስል በሁለት የእህል ዘለላ መካከል ያሳያል። እነዚህ ሳንቲሞች የመርከብ መንገዱን ዛሬም ይመሰክራሉ። የመን ውስጥ በአንድ ስፍራ ብቻ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ በደቡብ ሕንድም ተገኝተዋል። በአንጻሩ እኛ ዘንድ ደብረ ዳሞ ላይ በ1940 ከ100 የሚበልጡ የሕንድ አካባቢ ነገሥታት የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። ስዊድኖችም የራሳቸውን አግኝተዋል፤ ሄልጎ በምትባል ደሴታቸው ከሕንድ ወገን የመጣ ትንሽ የቡድሃ ምስል፣ ጎትላንድ በሚባለው ደሴታቸው ደግሞ በ1999 ከ14 ሺህ በላይ ሳንቲም ያለበት የብር ክምችት፣ አብዛኛው የዓረብ ገንዘብ። ባሕር የነካ ሕዝብ ሁሉ የሩቅ አገር ዕቃ በጓዳው ይገኛል።

ልጆች በጣም የሚወዱት ታሪክ ደግሞ የዝምታው ገበያ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ እንደጻፈው የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይሄዱ ነበር። ቋንቋ አይግባቡም። ስለዚህ እሾህ ያጥሩና በሬ አርደው ሥጋውን፣ ከጨውና ከብረት ጋር በአጥሩ ላይ ያኖራሉ፤ ከዚያ ራቅ ይላሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ ከወደደው ዕቃ አጠገብ ወርቅ አስቀምጦ ይሄዳል። ባለ ዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሳል፣ ካልበቃው ሳይነካው ይመለሳል፤ ገዥውም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ቃል ይከናወናል። መርካቶ ዋጋ ሲከራከሩ ለሚያድጉ ልጆች ይህ ትንግርት ነው።

በገመድ የተሰፋ መርከብ

የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች አሠራር ከቫይኪንጎቹ ፈጽሞ ይለያል። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደመዘገበው እነዚህ መርከቦች በምስማር አልተመቱም፤ ሳንቃው ተበስቶ በገመድ የተሰፋ ነው። በዚያ ዘመን ሰዎች «ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው» ይሉ ነበር። ፕሮኮፒዮስ ይህን ተረት ብሎ ይጥለዋል፤ የሮማ መርከቦች ብዙ ብረት ይዘው በዚያው ባሕር ሲመላለሱ ምንም አልደረሰባቸውምና። ምክንያቱ ብረት ማጣት ነው፤ የሮማ ሕግም ብረት እንዳይሸጥላቸው ይከለክላል ይላል። ስፌት ግን ችግር ብቻ አልነበረም። የተሰፋ መርከብ ኮራል ወይም አሸዋ ሲነካ እንደ መለመጥ ይላል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም።

ከመርከብ የተረፈው ልጅ

ባሕር ዘረፋም ነበረበት፤ በእኛም ዳርቻ። ሩፊኖስ የሚባል ጸሐፊ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ አንድ ነገር ይተርካል። ከጢሮስ የመጣ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ሁለት ልጆች ይዞ ሲመለስ መርከቡ ውሃና ስንቅ ለመቅዳት በዚህ ባሕር ዳርቻ ቆመ። በወቅቱ የአካባቢው ሰዎችና የሮማ ውል ፈርሶ ነበርና መርከቡን ወርረው ተሳፋሪዎቹን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ታዘነላቸው፣ ለንጉሡም ተሰጡ።

ታላቁ ፍሬምናጦስ ነው። በቤተ መንግሥት አድጎ የንጉሡ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ በኋላም እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስነት ተሹሞ ተመለሰ። ኢትዮጵያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብላ የምታከብረው እሱ ነው። በዘመኑ የነገሠው ዒዛና በሳንቲሙ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት አንሥቶ መስቀል አስቀረጸ። ቫይኪንጎችም የወረሯቸውን ሰዎች ሃይማኖት ኋላ ላይ ተቀብለዋል፤ ከተጠመቁት የዴንማርክ ነገሥታት አንዱ ያው ባለ ብሉቱዙ ሃራልድ ነበር።

ንጉሥ ካሌብ ባሕር ሲሻገር

ትልቁ የባሕር ዘመቻ የመጣው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ523 የሂምያር፣ ማለትም የዛሬው የመን ንጉሥ ዩሱፍ በናግራን ያሉ ክርስቲያኖችን ፈጀ። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ525 ጦሩን በመርከብ አሻግሮ ዩሱፍን ድል አደረገ። የናግራን ሰማዕታትን ታሪክ የሚተርከው የግሪክኛ ገድል ከተለያዩ ወደቦች 60 ያህል መርከቦች እንደተሰበሰቡና ካሌብ ራሱም 10 እንዳሠራ ይናገራል። ኮስማስም አዱሊስ የነበረው በዚሁ የዝግጅት ሰሞን ነበር። ካሌብ በመጨረሻ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ እንደመነነ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይነግረናል።

በ615 ገደማ ደግሞ መካ ውስጥ ስደት የበዛባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በዚሁ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ፤ ንጉሡም አስጠጋቸው። ይህን ታሪክ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አያት ለልጅ ልጁ ይነግረዋል። ግን ስንቶቻችን ነን «በመርከብ መጡ» ብለን የምንጨምረው? በዘመኑ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል መርከብ መመላለሱ የተለመደ ነበር።

የባሕሩ በር ሲዘጋ

አሁን ከቫይኪንጎች ጋር በጣም የሚያቀራርበን ዓመት ላይ ደረስን። በ702 ከዚህኛው ዳርቻ የተነሱ መርከበኞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የጅዳን ወደብ ወረሩ። ይህ የሆነው ሊንድስፋርን ከመወረሯ 91 ዓመት በፊት ነው። መካ ራሷ ሠጋች። የዑመያዎች መንግሥት ምላሹ ፈጣን ነበር፤ ከምጽዋ ፊት ለፊት ያሉትን የዳህላክ ደሴቶች ያዘ።

ነገሩ ግን ከዚያም በፊት መጥበብ ጀምሮ ነበር። በ570ዎቹ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ጠፋች፤ የንግዱ መንገድም አቅጣጫውን ለወጠ። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም መምታት አቆሙ፤ የመንግሥቱ ማዕከልም ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደጋው ውስጥ ገባ። እኔ ለልጁ የሰጠሁት «እኛ የደጋ ሰዎች ነን» የሚለው መልስ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። የታሪካችን የመጨረሻውን ግማሽ ሙሉ ታሪክ አድርጌ ነው የነገርኩት።

ለልጆቻችን ምን እንንገር?

ቦሌ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ባሕር ሳያይ ሊያድግ ይችላል፤ አውሮፕላን ሳያይ ግን አይውልም። ለእኛ ሰፈር ልጅ አዱሊስን ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከቦሌ ተነስተው ዱባይና ጓንዡ ሄደው ጨርቅና ስልክ ይዘው የሚመለሱት ነጋዴዎች፣ ወደ ጅዳና ወደ ሙምባይ የሚበሩት አውሮፕላኖች የሚከተሉት አቅጣጫ በአብዛኛው የድሮው የመርከብ አቅጣጫ ነው። ከቤታችን በረንዳ ሆነን የምናየው ሰማይ የእኛ ወደብ ሆኗል። ባሕሩም ጨርሶ አልቀረም፤ በከተሞቻችንና በወንዞቻችን ስም የተሰየሙ የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ዛሬም ይሄዳሉ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ተቋምም ወጣቶችን ለዓለም መርከቦች ያሠለጥናል።

ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ግማሽ ቀን ካገኙ ልጆቹን አምስት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይውሰዷቸው። ብዙ ሰው ሉሲን አይቶ ይመለሳል፤ የአክሱም ዘመን ዕቃዎች ያሉበትንም ሳያዩ አይውጡ። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ካርታ ዘርግታችሁ አዱሊስን፣ ጅዳን፣ የመንንና ሕንድን በጣት አገናኙ። ልጁ ቫይኪንግ ቢወድ አትከልክሉት፤ የሰሜኑን ባሕር የወደደ ልጅ የራሱን ባሕር ለመውደድ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ዋናው ነገር ሰይፍ ብቻ ይዞ እንዳይቀር ነው። ከሰይፉ ጋር ገብሱን፣ ሳንቲሙን፣ ስፌቱን፣ የተሸጠውን ሰው፣ ከዛፍ ሥር ያጠና የነበረውን ልጅም ይወቅ።

እኔ ዓርብ ጠዋት ሳልደርስበት ልጁ ቀንዱን አድርጎ ሄዷል፤ ጓደኞቹም አድንቀውለታል። ቅዳሜ አስቀምጬ «ያን ዕለት የነገርኩህ ልክ አልነበረም፤ መርከብ ነበረን» አልኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ታዲያ ለምን አልነበረንም አልክ?» ብሎ ነው። «አላውቅም ነበር» አልኩት። አያት «አላውቅም ነበር» ሲል ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ትንሽ አየት አደረገኝ።

ከዚያ የተረፈውን ካርቶን አወጣን። ባለቤቴ የመሶብ መስፊያ ወስፌዋንና ሲባጎ አመጣች፤ እሷ እየበሳች፣ እሱ እየሰፋ ያለ አንድ ምስማር፣ ያለ ማጣበቂያ መርከብ ሠሩ። በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውሃ ላይ ለአፍታ ያህል ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ካርቶኑ ራሰና ጎበጠ። ሁለተኛውን የሠራነው ከፕላስቲክ ክዳን ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ አለ። መርከበኛውንም ከፎይል ሠርቶ አስቀምጦበታል። የአክሱም ሰው ነው ብሏል፤ ቀንድ ግን አለው። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም።